ሁለት ስህተት የወለደው ልክ ቁጥር፦ የኖርፍሉኦክሴቲን ስቶክ ጉዳይ

በሰባተኛው ሳምንት ኮንትሮሉ፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ የታወቀው መፈተኛ ናሙና፣ 198 ሆኖ ወጣ። መሆን የነበረበት 200 ነው። ተማሪዋ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔም «በቃ፣ ማሽኑ ልብ ገዛ» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ወጥተን ሐይቁ ዳር የዓሣ ጥብስ በላን። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ስላልሞላው ሰዉ ሁሉ ሥጋ ላይ ነበር፤ ዓሣ ቤቱ ጭር ብሏል። ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው ገንዘቤ ያለ ቦታው ነው የወጣው።

198ቱ የሁለት ስህተት ልጅ ነበር። አንዱ ስህተት ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። መሐል መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው ያሳመሩልን። ይህን እስክንደርስበት ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ቤተ ሙከራው ባሕር ዳር ነው፣ ስሙ ይቆየን። ተማሪዋ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እሷንም በስም አልጠራትም።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ፍሉኦክሴቲንን ብዙ ሰው ፕሮዛክ በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። የኢላይ ሊሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት፣ አሜሪካ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ የድብርት መድኃኒት ነው። እኛም ጋ እንደ ሌላው የድብርት መድኃኒት እንደ አሚትሪፕቲሊን ሁሉ የሚታዘዝ ነው። ተውጦ ጉበት ሲደርስ አንዲት የሜቲል ቡድን ይነቀልበትና ኖርፍሉኦክሴቲን የሚባል ሌላ ነገር ይሆናል። ብዙ መድኃኒት ጉበት ከደረሰ አበቃለት። ይሄኛው ግን ልጁ ከአባቱ አይተናነስም። እሱም ራሱ እንደ አባቱ ሴሮቶኒን ላይ ይሠራል፣ ዕድሜውም ከአባቱ ይረዝማል። መድኃኒቱን አዘውትሮ በሚወስድ ሰው የፍሉኦክሴቲን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ከ4 እስከ 6 ቀን ነው። የኖርፍሉኦክሴቲን ግን ከ4 እስከ 16 ቀን ይሄዳል።

ይህ የወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ አይደለም። በእኛ አካባቢ «ጸበል ልገባ ስለሆነ መድኃኒቴን ትቼዋለሁ» የሚል ታካሚ ብርቅ አይደለም። ሰውየው ከተወው ሁለት ሳምንት ቢሆነውና የእሱ ግማሽ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን ገደማ ቢሆን፣ ከኖርፍሉኦክሴቲኑ ሲሶ ያህሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው። እሱ ትቼዋለሁ ይላል፣ መድኃኒቱ ግን እሱን አልተወውም። በዚህ መሐል ሌላ ክሊኒክ ሄዶ አሚትሪፕቲሊን ቢታዘዝለት ጣጣ ይመጣል። ኖርፍሉኦክሴቲን ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም ያዳክማል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከሰውነት እንዲወጣ ይህ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ስለ ኢንዛይሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለውና። በ1996 እ.ኤ.አ. እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29% የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደጋግሞ የሚገኝባቸው ሆነዋል። ጂኑ ሲደጋገም ኢንዛይሙ ይበዛል፣ መድኃኒቱም ቶሎ ይፈጫል። የተማሪዋ ጥያቄ ከዚህ የመነጨ ነው፦ በእኛ ታካሚዎች ደም ውስጥ ልጁና አባቱ በምን ያህል መጠን ነው የሚገኙት? ጥያቄው የምጥጥን ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ብቻ ቢሳሳት መልሱ ይበላሻል። የተሳሳተውም አንዱ ወገን ብቻ ነበር።

እንዴት ተጀመረ

መሣሪያችን በ227 ናኖሜትር ብርሃን የሚያይ መደበኛ ኤችፒኤልሲ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለያይቶ መጠናቸውን የሚለካ ማሽን። ፍሉኦክሴቲኑ የመጣው ተመጥኖ በሜታኖል ተበጥብጦ፣ በታሸገ አምፑል ነው። 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ይላል፤ ሰብረህ ትጠቀማለህ። የኖርፍሉኦክሴቲኑ አምፑል ግን ውድ ሆነባት። ስለዚህ ዱቄቱን ገዛች፤ 25 ሚሊግራም፣ ነጭ፣ ከጠርሙሷ ታች ላይ አቧራ የምትመስል። እኔም «ጎበዝ፣ ይሻላል» ብያታለሁ። ጥፋቱ ላይ የእኔም እጅ አለበት።

በመጋቢት መጀመሪያ 10 ሚሊግራም መዘነች። 10 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በሜታኖል በጠበጠችው። ፍላስኳ ላይ «1 ሚ.ግ. በሚ.ሊ.» ብላ ጻፈችና ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠቻት። ከዚያች ስቶክ፣ ማለትም ከወፍራሙ መነሻ ብጥብጥ፣ እየቀነሰች የካሊብሬሽን ስታንዳርዶቿን፣ ማሽኑ ናሙናን የሚያነጻጽርባቸውን ብጥብጦች፣ ሠራች። ዋጋው የታወቀ ኮንትሮል ሴረምም ነበራት፣ 200 ናኖግራም በሚሊ ሊትር።

የመጀመሪያው ውጤት 225 ሆነ። በማግስቱ 224። ፍሉኦክሴቲኑ ግን ከዒላማው ንቅንቅ አይልም። ያኔ መንቃት ነበረብን። ግን ደንቡ አስተኛን። የባዮአናሊሲስ፣ ማለትም ደምና መሰል ናሙና ውስጥ መድኃኒት የመለካት፣ መመሪያው ኤም10፣ ኮንትሮል ከእውነተኛው ዋጋ በ15% ቢርቅም ያሳልፋል። 225 ማለት 12.5% ነው። አለፈ። ፊርማ፣ ቀን፣ ቀጣይ። እዚህ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር፦ 15% የተፈቀደው ቁጥር ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ነው። አንዴ 212፣ አንዴ 190 ቢመጣ አልጨነቅም። ሁሌ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ቁጥር ግን የሆነ ነገር ተደግፎ ነው የሚያጋድለው።

ሳምንታት አለፉ። በሦስተኛው ሳምንት 214፣ በስድስተኛው 203፣ ከዚያ ያቺ 198። ማንም ምንም አልነካም። «እጄ እየተፍታታ ነው» አለች። እኔም አመንኳት፤ ማመን ደስ ይላል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የታካሚ ናሙናዎች አስገባች።

ከዚያ ዋናዎቹ ናሙናዎች ሳይጀመሩ «ለጥንቃቄ» ብላ አዲስ ስቶክ ሠራች። ከዚያው ጠርሙስ 5 ሚሊግራም መዝና በ5 ሚሊ ሊትር በጠበጠች። ኮንትሮሉን አስገባች። 225።

ሁለቱ ፍላስኮች

ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ስመዝን ተሳስቼ ነው አለች። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነበር። ሚዛናችን የሚያነበው እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። 5 ሚሊግራም ላይ ይህ 2% ነው፣ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ አየሩ ደረቅ ስለሚሆን ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተይዞ ይዘላል፤ ግማሹ ጓንት ላይ ይለጠፋል። ግን 2% 13% አይወልድም። ደግሞስ ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሁለቱንም ጊዜ 225 ላይ እንዴት ታርፋለች?

ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ስቶክ እኩል አቅጥነን ጎን ለጎን አስገባናቸው። የአሮጌው ፒክ፣ ማሽኑ የሚስለው ጉብታ፣ በ13% ገደማ በለጠ። ዱቄቱ አንድ፣ ጽሑፉ አንድ፣ ይዘቱ ሁለት ዓይነት። አንዱ ፍላስክ ዋሽቷል ማለት ነው። ወይም ሁለቱም።

መልሱ ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጎበዝ ናት። ከአሮጌው ፍላስክ በየቀኑ የወሰደችውን ሁሉ መዝግባለች። ስንደምረው 2.4 ሚሊ ሊትር። ከ10 ሲቀነስ 7.6 መቅረት አለበት። ባዶ ፍላስኩ ስንት እንደሚመዝን ጽፋ ስለነበር ከነይዘቱ መዘንነው። ውስጡ ያለው 5.3 ግራም ነው። የሜታኖል ክብደት በሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ስለሆነ፣ ያለው 6.7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 0.9 ሚሊ ሊትር የት ገባ?

ተነነ። መድኃኒቱ አይተንም፣ ሜታኖሉ ግን ይሄዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽምብራ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ ነው፣ 94 ዲግሪ አካባቢ። ሜታኖልም እንዲሁ፣ በባሕር ጠረፍ 64.7 ላይ የሚፈላው እኛ ጋ ሲመጣ 60 እንኳ አይሞላም። ሚያዝያ ላይ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሲሆን፣ ፍላስኩ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ፣ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሲሞቅና መልሶ ሲቀዘቅዝ፣ የመስታወት ክዳኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያስተነፍሳል። ፓራፊልም የሚባለውን የሚለጠጥ ስስ መሸፈኛ ጠምጥማበታለች። ፓራፊልም ግን ክዳን አይደለም። ቮልዩሜትሪክ ፍላስክም መለኪያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ይህን ሁላችንም ተምረናል፣ ሁላችንም እንረሳዋለን።

ስለዚህ አሮጌው ስቶክ እየወፈረ ሄዷል። ስቶኩ ሲወፍር ስታንዳርዱም ይወፍራል። ስታንዳርዱ ሲወፍር ኮንትሮሉ በንጽጽር ቀጭን መስሎ ይታያል። 225፣ 214፣ 203፣ 198። እጇ አልተፍታታም። ሜታኖሉ ነው የተነነው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ጥያቄው ተገልብጦ መጣ። ያልተነነው፣ ትኩሱ፣ ንጹሑ አዲስ ስቶክ ለምን 225 ይሰጣል?

ወረቀቱ

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ቴክኒሻን አሉን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እስካሁን አላማከርናቸውም ነበር፤ ኤችፒኤልሲ አይወዱም፣ «የሚያወራ ሳጥን» ነው የሚሉት። ልጅቷ ሄዳ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልን» አለቻቸው።

«ወረቀቱ የት አለ?»

«የቱ ወረቀት ጋሼ?»

«ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ነዋ።»

«ፋይል ውስጥ ነው።»

«ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት ምን ያደርግልሻል የኔ ልጅ? አምጪው።»

አመጣችው። መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖሩ። «አንብቢው።» አነበበች። «ኖርፍሉኦክሴቲን ሃይድሮክሎራይድ።» መጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀነሰ። «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች።

የመዘነችው ጨው ነው። የገበታ ጨው ሳይሆን በኬሚስቶች አነጋገር፤ መድኃኒቱ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ተጣብቆ የሚሠራው ጠጣር። ነጠላው ኖርፍሉኦክሴቲን ሞለኪውላዊ ክብደቱ 295.3 ነው። ከአሲዱ ጋር ሲሆን 331.8። 295.3ን ለ331.8 ብናካፍል 0.89 ይሆናል። ከመዘነችው 10 ሚሊግራም ውስጥ ኖርፍሉኦክሴቲኑ 8.9 ነው፤ የተቀረው አሲድ። ዶሮ ከነላባዋ መዝኖ ሥጋዋ ይህን ያህል ነው እንደማለት ነው። «1» ተብሎ የተጻፈበት ስቶክ በእውነቱ 0.89 ነበር። የኮንትሮሉ ዋጋ ደግሞ በነጠላው ኖርፍሉኦክሴቲን ነው የተቆረጠው። 200ን ለ0.89 አካፍሉት፤ 225 ገደማ ነው። ፍሉኦክሴቲኑ ያልተሳሳተውም ለዚህ ነው። አምፑሉ ላይ ያለው 1 ሚሊግራም ጨዉ ተቀንሶለት የተሰላ ነበር።

የሚያሳፍረው፣ ይህ ነገር ለፋርማሲ ሰው አዲስ አለመሆኑ ነው። 20 ሚሊግራም የሚል የፍሉኦክሴቲን ካፕሱል ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎራይድ 22.4 ሚሊግራም ነው። ይህን ለፈተና አጥንተነዋል። ሚዛኑ ፊት ስንቆም ግን ጠፋን።

አሁን የአሮጌውን ፍላስክ ሂሳብ እንጨርስ። ከ0.89 ተነሣ። 7.6 መሆን የነበረበት 6.7 ሲሆን በ1.13 ወፈረ። 0.89 በ1.13 ሲባዛ 1.01። ፍላስኩ ላይ የተጻፈው 1 ነው! በሰባተኛው ሳምንት ጽሑፉ እውነት ሆነ። ሳይታሰብ፣ ለጥቂት ቀናት። ትንሽ ብንቆይ ቁጥሩ 190 ደርሶ፣ እኛም ማሽኑን ፈተን እናበላሸው ነበር።

ከዚያ ያስተካከልነው

ሦስተኛውን ስቶክ የሠራነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጀምሯል። ከሌላ ክፍል ባለ አምስት ዴሲማል ሚዛን ለምነን ተዋስን። ጋሼ ቆመው ያያሉ። መጀመሪያ የከለከሉት ጠርሙሱን ከፍሪዘር አውጥቶ ወዲያው መክፈትን ነው። ክረምት ሲገባ የሐይቁ አየር እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት እርጥበቱ እንደ ጠል ዱቄቱ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ውሃ እየመዘንክ ነው። ዴሲኬተር በሚባለው እርጥበት የማያስገባ ዝግ ዕቃ ውስጥ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ቆየ፣ ከዚያ ተከፈተ።

ሁለተኛው ትእዛዛቸው «10 ካልሞላ ብለሽ ዱቄት አታሳድጂ» የሚል ነበር። በማንኪያ ጫፍ እየጨመሩ እየቀነሱ ልክ 10 ላይ ለማሳረፍ መታገል ዱቄቱን ያባክናል፣ አየር ላይም ያውለዋል። ይሄ ደግሞ አእምሮ ላይ የሚሠራ ነገር ነው፣ ዓይንንም ክፉኛ ይጎዳል። ጓንት፣ መነጽር፣ ጋውን፣ የማራገቢያው ነፋስ መቀነስ፣ ሁሉም አስፈላጊ ነው። የወጣውን መዝነሽ በሂሳብ አስተካክዪው ነው ነገሩ። 6.82 ሚሊግራም ወጣ። በ0.89 ሲባዛ 6.07። ንጽህናው ወረቀቱ ላይ ከ99% በላይ ስለሆነ ተውነው። 10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲገባ 0.607 ሆነ። ያቺኑ ጎደሎ ቁጥር ጻፍናት። ለዓይን አታምርም፣ ግን እውነት ናት።

ፍላስኩ ውስጥ ግን አላደረችም። ውስጡ ቴፍሎን ባለው ጥምዝ ክዳን፣ ቡናማ ትናንሽ ጠርሙሶች ውስጥ ተከፋፈለች። አንዱ ሲከፈት ሌሎቹ አይነኩም። እያንዳንዱ ጠርሙስ ሲወጣና ሲገባ ይመዘናል። ሲገባ የነበረው ክብደት ሲወጣ ካልተገኘ ይጣላል።

ኮንትሮሉ 201 መጣ። በማግስቱ 199። በሳምንቱ 202። ያን ጊዜ ማንም ዓሣ አልጋበዘም።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረች። ዝቅተኛው ስታንዳርድ፣ 10 ናኖግራሙ፣ ጠዋት ከተሠራ ማታ ይቀንሳል። ይህኛው ቶሎ ተፈታ። ኖርፍሉኦክሴቲን አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለበት ውህድ፣ ነው፤ በቀጭን የውሃ ቅልቅል ውስጥ የመስታወት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሲሆን የተለጠፈው አይታወቅም፣ ትንሽ ሲሆን ግን ጉልህ ነው። ወደ ፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ቀየርን፣ ቆመ። በዚያው ጋሼ የአሴቶን ጠርሙሳችንን ከጠረጴዛው አነሡ። «ለአባቱ ግድ የለም፣ ልጁ ግን ከዚህ ጋር ይጋባል» አሉ። ልክ ናቸው። ኖርፍሉኦክሴቲን ሜቲሉን ስለተነጠቀ ፕራይመሪ አሚን ነው፤ ፕራይመሪ አሚን ደግሞ ከአሴቶን ጋር ተዋህዶ ኢሚን የሚባል ሌላ ውህድ ሊሆን ይችላል። በአሴቶን አጥበህ ሳይደርቅ ብትሞላበት ሌላ ነገር ልትሠራ ነው። ሳጥኑን የማይወዱት ሰውዬ ኬሚስትሪውን ይወዳሉ።

አሮጌዎቹ ሁለት ስቶኮች ወደ ቆሻሻ ጄሪካን ተገለበጡ፣ ወደ ሲንክ አይደለም። ሜታኖሉ ራሱ መርዝ ነው፣ በዚያ ላይ ይነዳል። ፍሉኦክሴቲንና መሰሎቹ ደግሞ ውሃ ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት መርዛማ ተብለው የተመደቡ ናቸው። ከእኛ መስኮት ሐይቁ ይታያል። ቆሮሶውንም አምባዛውንም የምንበላው እኛው ነን።

የቀረው የታካሚ ናሙና ጉዳይ ነበር። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ስድስት ናሙና ገብቷል። ኮንትሮሉ 203 እና 198 በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ተማሪዋ «ቁጥሩ እኮ ልክ ነበር» አለች። ተከራከርን። እውነቷን ነው፣ ስሌቱን መልሰን ብንሠራው ልዩነቱ ጥቂት ነው። ግን በየትኛው ቀን ስቶኩ ስንት እንደነበር በትክክል የሚነግረን ነገር የለም፤ የመዘንነው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው። አራቱ ፍሪዘር ውስጥ ትራፊ ፕላዝማ ስለነበራቸው ተደገሙ። ሁለቱ ትራፊ አልነበራቸውም። ሠንጠረዡ ላይ ሰረዝ ተደርጎባቸው ቀሩ። የድሮ ቁጥራቸው ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ በእርሳስ ተጽፎ አለ። ምናልባት ልክ ነው።